አፑ ላይ መገኘቴ ነው ጥፋቱ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር እዚህ መድረክ ላይ የከፈትኩት ባለፈው ሰኞ ሌሊት ነው። አሁን 26 መልሶች ደርሰዋል። ክሩ ረዘመብን፣ ማን ለማን እንደመለሰ ጠፋን ብላችሁ ስለጻፋችሁልኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ አባባል ላስቀምጠው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዶቻችሁ የጻፋችሁት ለሌላ ሰው ነግራችሁት የማታውቁትን ነው።

የጠየቅኩት ይህ ነበር። የምኖረው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ሰው የምተዋወቅበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ከዓመት በፊት አንድ የመተዋወቂያ አፕ ላይ ገባሁ። በቅርቡ ከአንድ የኛ ልጅ ጋር ማች አደረግን፣ ማለትም አፑ ላይ ተመራረጥን። ሦስት ቀን በአማርኛ አወራን፣ ስለ አገር፣ ስለ ሥራ ፈረቃ፣ ስለ እናቶቻችን። ደስ የሚል ጨዋታ ነበር። ስልክ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የእርቃኑን ፎቶ ላከልኝ። አልጠየቅኩትም። ወደዚያ የሚወስድ ወሬም አላወራንም። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይልክልኝ፣ ከዚያ በኋላም እንዳይጽፍልኝ ነገርኩት። ከዚያ ስድቡ መጣ። ስድቡን አልደግመውም። ቀጥሎ የፕሮፋይሌን ስክሪንሾት ላከልኝና የከተማችን ሐበሻ ግሩፕ ላይ እንደሚለጥፈው፣ ለእናቴም እንደሚያደርሰው ጻፈ።

ፕሮፋይሌ ላይ የሚያሳፍር ነገር የለም። የፊቴ ፎቶ፣ ዕድሜዬ፣ ቡና እንደምወድ፣ ይኸው ነው። እርቃኑን የላከው እሱ ነው፤ ገመናሽን አወጣለሁ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። የደረሰባችሁ አላችሁ? ምን አደረጋችሁ? ብሎክ አድርጎ ዝም ማለት ይበቃል?

1ኛዋ መላሽ ከሲያትል ናት። ጨዋና ለስላሳ ሰው ናት። ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ሁለት ዓመት ለማንም ሳትናገር እንደቆየች ጻፈች፣ አብራት ለምትኖረው እኅቷ እንኳን። 2ኛው ወንድም ብሎክ አድርጌ እንድተኛ መከረኝ። በቅንነት ነው ያለው፣ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን 3ኛዋ፣ ከሜልበርን፣ ወዲያው አረመችው። ከብሎክ በፊት ስክሪንሾት ይቅደም ነው ያለችው። አንዳንድ አፖች ላይ አንዱ ወገን ማቹን ሲያፈርስ ወሬው ከሌላው ስልክም ይጠፋል። ሰውየው ያሻውን ከጻፈ በኋላ አንድ ቁልፍ ነክቶ ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል። የአውስትራሊያው ኤቢሲ ጣቢያ በ2020 (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጉዳዩን ሲመረምር ተጎጂዎች ደጋግመው የነገሩት ይህንኑ ነበር። የአገሪቱ የወንጀል ጥናት ተቋምም በ2022 ወደ 10,000 የሚጠጉ የአፕ ተጠቃሚዎችን ጠይቆ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ባለፉት አምስት ዓመታት በአፕ በኩል አንድ ዓይነት ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አወጣ። ከአራቱ ሦስት! ቁጥሩን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላም ነበር። 4ኛው ሲገባ ተለወጠ። ጨዋ ሴት እንዲህ ዓይነት ቦታ ምን ትሠራለች ብሎ ጠየቀ። ገበያ የወጣ ዕቃ ዋጋው ይጠየቃል የሚል ነገርም ጨመረበት። 5ኛው ሐሳቡን ደግፎ፣ ግን ረጋ ባለ ቃል፣ ጸሎት እንዳበዛና አፑን እንዳጠፋው መከረኝ። ለ5ኛው ክፉ መልስ የለኝም። አባቴም እንዲህ ይለኝ ነበር። ለ4ኛው ግን እኔ ሳልመልስ 6ኛዋ ደረሰችለት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ።

6ኛዋ ስለታም ናት። ቦታው የብልግና መሆኑን እንዲህ አጥርቶ የሚያውቀው እሱ ራሱ ምን ሊሠራ ገብቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያም ቁጥር አመጣች። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2019 ባደረገው መጠይቅ፣ አፕ ከተጠቀሙ ከ18 እስከ 34 ዓመት ካሉ ሴቶች 57 በመቶዎቹ ያልጠየቁት የወሲብ መልእክት ወይም ምስል ተልኮላቸዋል። 60 በመቶዎቹ አልፈልግም ካሉም በኋላ ሰውየው መጻፉን አላቆመም። 19 በመቶዎቹ አካላዊ ጉዳት እናደርስብሻለን ተብለዋል። እነዚህ ሁሉ ገበያ የወጡ ዕቃዎች ናቸው ወይ ብላ ዘጋችው። 7ኛው መልስ የ4ኛው ሰው መልስ ነበር፣ አሁን የለም። የመድረኩ ኃላፊ አጥፍቶታል። እኔ ግን ከመጥፋቱ በፊት አንብቤዋለሁ። የሌሊቱ ሰውዬ ከላከልኝ ስድብ ጋር ሁለት ቃላት አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። እኔን ያስፈራራኝ ሰው ኃይሉን ያገኘው ከ4ኛው ዓይነት ጥያቄ ነው። እዚያ ምን ትሠራ ነበር የሚል ሕዝብ ባይኖር የፊቴ ፎቶ ማስፈራሪያ አይሆንም ነበር። የሌላ አገር ሰው የሆነች ሴት ፕሮፋይልሽን እለጥፋለሁ ብትባል ለጥፈው ትላለች። እኛ ግን ሁላችንም እንተዋወቃለን። አንዱ ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳይነጋ ወሎ ይደርሳል። ሰውየው ይህን በደንብ ያውቃል።

ከ8ኛው ጀምሮ ወሬው ወደ ሕግ ሄደ። የሂውስተኑ ወንድም እንደጻፈው ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሰው ያልጠየቀውን የወሲብ ምስል በስልክም ሆነ በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክን ወንጀል አድርጋለች። ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ሰባት ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። 9ኛዋ ከለንደን ቀጠለች። እንግሊዝ ውስጥ ተመሳሳዩ ድርጊት ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅና ለአንዲት ሴት የእርቃኑን ፎቶ የላከ ሰው በዚህ ሕግ የመጀመሪያው ተቀጪ ሆኖ 66 ሳምንት ተፈርዶበታል።

10ኛው ሁለቱንም አቀዘቀዛቸው። የቴክሳሱ ቅጣት ከትራፊክ ቲኬት ጋር በአንድ እርከን ያለ ነው፣ ፖሊስም ቀልቡን አይሰጠውም አለ። የእንግሊዙ ሕግ ደግሞ ላኪው ለማስጨነቅ ወይም ለማዋረድ አስቦ፣ ወይም ለራሱ ስሜት ብሎ የሷን ጭንቀት ከቁም ነገር ሳይቆጥር እንደላከ መረጋገጥ አለበት ብሎ አብራራ። ትክክል ነው። ትንሽ ቅር አለኝ እንጂ አልተከራከርኩትም። ግን 500 ዶላሩ ትንሽ ቢሆንም ወረቀት ላይ ወንጀል ተብሎ የተጻፈው የሱ ሥራ ነው። የኔ አፕ ላይ መግባት የትም አልተጻፈም። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

11ኛዋ ሴት ቀድማ የምትጽፍበት ባምብል የሚባለው አፕ ችግሩን እንደፈታው ጻፈች። ታሪኩንም ነገረችን። ቲንደር ከሚባለው የመተዋወቂያ አፕ መሥራቾች አንዷ የነበረችው ዊትኒ ወልፍ በ2014 ከዚያ ወጥታ፣ እዚያው ሥራ ቦታዋ ላይ ስለደረሰባት ትንኮሳ ከስሳ፣ ጉዳዩ በስምምነት ካለቀ በኋላ ነው ባምብልን በዚያው ዓመት ያቋቋመችው። የቴክሳሱ ሕግ እንዲወጣ የገፋውም ይኸው ኦስቲን ያለው ድርጅት ነው። 12ኛው ግን አንድ እርማት አስገባ። ሴት ቀድማ መጻፏ የሚገዛው የመጀመሪያውን መልእክት ብቻ ነው። ሰላም ካለችው በኋላ የፈለገውን መላክ ይችላል። በ2024 ደግሞ ሴቷ ጥያቄ አስቀምጣ ወንዱ እሱን በመመለስ ወሬ የሚጀምርበት መንገድ ስለተከፈተ፣ ቀድማ መጻፏም እንደ ድሮው ግዴታ አይደለም። ሁለቱ ሳይሰዳደቡ ተራረሙ። ሁሉም ሰው እንደነሱ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር።

13ኛው ከአዲስ አበባ ነው። ይህ ሁሉ ያው የምናውቀው ለከፋ ነው፣ ፒያሳ የነበረው ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ አዲስ ነገር የለውም አለ። በክፋት አይደለም ያለው። ለከፋንም አጥብቆ የሚጠላ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። 14ኛዋ ግን አልተቀበለችውም፤ እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ለካፊ መንገድ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ከገባሽ አለቀ። ስምሽን አያውቅም፣ እናትሽ የት እንዳለች አያውቅም። ይኼኛው ሦስት ቀን ሙሉ በጨዋ አንደበት ጠይቆሽ፣ አንቺም አምነሽ ነግረሽው፣ የነገርሽውን ነው መልሶ የሚወረውርብሽ። ስለዚህ ስሙ ለከፋ ሳይሆን ዛቻ ነው ብላ ቋጨችው። ሕግ የተማረች ትመስላለች። አገር ቤት ላሉትም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው) አንቀጽ 13ን ጠቀሰች። ስለ ተበዳይዋ ወይም ስለ ቤተሰቧ የሆነ መረጃ በመላክ ወይም ደጋግሞ በማሰራጨት ፍርሃትና ጭንቀት ማድረስ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። ከበድ ሲል ደግሞ ጽኑ እስራት አለው።

15ኛዋም አዲስ አበባ ናት። አንድ የቴሌግራም የትዳር ፈላጊዎች ግሩፕ ላይ ስሟን አስመዝግባ ያጋጠማትን ጻፈች። ማመልከቻ ብላ የላከችው ፎቶና ስልክ ቁጥር ወደ ሌላ ግሩፕ ተሻግሮ በአንድ ቀን ከሠላሳ በላይ ሰው ደወለላት። ግማሹ ዋጋ ነው የጠየቃት። ሲም ካርድ ቀየረች። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥሯን ማን እንደሚያይና በቁጥሯ ማን ሊያገኛት እንደሚችል ሴቲንጉ ውስጥ ገብታ ዘጋችው። እኔም ያን ቀን ዘጋሁት። ያላደረጋችሁ አሁኑኑ አድርጉት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስልክ ከመስጠት በፊትም በአፑ ውስጥ ብዙ ቀን ማውራት ይሻላል፤ ምክንያቱም በቁጥራችሁ ፌስቡካችሁ፣ በፌስቡካችሁ ዘመዶቻችሁ ይገኛሉ። እኔን ያገኘኝ እንዲህ ነው።

16ኛው ወንድ ነው። መጻፉ ከብዶት እንደነበር ያስታውቃል። ከአንዲት ልጅ ጋር ተዋውቆ በቪዲዮ አወሩ። ልብሱን እንዲያወልቅ አደረገችው። በማግስቱ የተቀረጸው ቪዲዮ ከወንድሞቹና ከአለቃው ስም ዝርዝር ጋር መጣለት። ሁለት ጊዜ ገንዘብ ላከ። በሁለተኛው ላይ የተጠየቀው ከመጀመሪያው እጥፍ ነበር። በሦስተኛው ዝም አለ፣ ቪዲዮውም ለማንም አልተላከም። 17ኛው ሳቀበት። ወንድ ልጅ እንዲህ ይሞኛል ወይ ብሎ ሙሉ አንቀጽ ጻፈ። 18ኛዋ፣ ያቺው 6ኛዋ ናት ተመልሳ የመጣችው፣ 17ኛውን እንደ 4ኛው አላስተረፈችውም። ፒው ላይ ያለው የወንዶቹ ቁጥር የሴቶቹ ግማሽ ያህል ነው፣ ያም ብዙ ሰው ነው አለችው። ወንድሜ 16ኛ፣ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ገንዘብ ከተላከ ጥያቄው እንደሚቀጥል ያንተን አንብቦ የተረዳ ሰው ይኖራል።

19ኛዋ የ64 ዓመት እናት ናቸው። እትዬ ብዬ ልጥራዎት። በእሳቸው ጊዜ መጽሔት ላይ የብዕር ጓደኛ ይፈለግ ነበር፣ በፖስታ ሣጥን ቁጥር። እሳቸውም ከአንድ የሐረር ልጅ ጋር ስምንት ወር ተጻጽፈዋል። ታዲያ ያኔም ጸያፍ ደብዳቤ የሚልክ ነበር፤ አንድ ጊዜ የመጣላቸውን አንብበው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ልዩነቱ፣ ደብዳቤው ሲቃጠል አለቀ። ይሄኛው አይቃጠልም አሉ። ከሁሉም መልስ ይበልጥ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

ከዚያ ወሬው ተበታተነ። በ20ኛው ላይ አንዱ የሐረሩ ልጅ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ፣ እትዬም ባሌ ሆነ ብለው መለሱለት፣ ሰውም እንኳን ደስ አለዎት አላቸው። ከዚያ ሽማግሌ ይሻላል ወይስ አፕ፣ ሠርግ ስንት ያስወጣል፣ ዲሲ ያለ አዳራሽ ኪራይ ናረ፣ ይህንን እዘለዋለሁ። 21ኛው ግን መመለስ ያለብኝ ነው። ዳላስ የሚኖር ሰው ነው። ልጁን ሳላውቀው አልቀርም ብሎ ሥራውንና የሚነዳውን መኪና ጻፈ። መልሱን ኃላፊው እንዲያጠፋው የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የተባለው ሰው እሱ አይደለም። ቢሆንም እንኳን ስም እዚህ አላወጣም። እኔን በስክሪንሾት ያስፈራራኝን ሰው በስክሪንሾት ማሳደድ አልፈልግም። ማስረጃዬን የምሰጠው ለሚመለከተው ነው፤ ለፖሊስ ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ ለአፑም እንደዚሁ። ከአፑ የመጣው መልስ አስተያየትዎ ደርሶናል የሚል የማሽን መልስ ብቻ ነው።

22ኛዋ ከገልፍ አገር ናት፣ የትኛው እንደሆነ አልጻፈችም። ፖሊስ ጣቢያ የሚለው ምክር ለእሷ እንደማይሠራ ነገረችን። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። ስልክ መያዟን ራሱ የማይወዱ ሰዎች ቤት ነው የምትሠራው። አንድ የአገሯ ልጅ አፕ ላይ አግኝቶ ፎቶሽን ለማዳም እልካለሁ ይላታል። ከ8ኛው እስከ 10ኛው የተከራከርንበት ሕግ ሁሉ ለእሷ ምንም አይደለም። ማንም ወዲያው አልመለሰላትም። እኔም ምን እንደምላት አላገኘሁም ነበር።

23ኛው ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ። ወንድ ነው፣ 28 ዓመቱ። እኔ ለሌሊቱ ሰውዬ እንደጻፍኩለት ዓይነት መልእክት ከአንዲት ልጅ ደርሶት እንደነበር ተናገረ። አትጻፍልኝ ብላው ነበር። እሱ ግን በሁለት ሳምንት ከአርባ ጊዜ በላይ ጻፈላት። ፎቶ አልላከም፣ አልሰደበም። ግጥም ነው የላከው፣ ደህና አደርሽ ወይ ነው ያለው፣ በሌላ አካውንት ገብቶ ይቅርታ ነው የጠየቀው። ያደገው የሴት እምቢታ ወግ ነው፣ የወንድ ደግሞ ደጅ መጥናት እየተባለ ነው። አባቱ እናቱን ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቶ ነው ያገባት፣ ቤታቸው ውስጥ ይህ እንደ ጀግንነት ነው የሚተረከው። የ6ኛዋን 60 በመቶ ሲያነብ ያቺ ልጅ ከነዚያ ውስጥ እንደሆነች ገባው። 24ኛዋ ተቆጣችው። ጭብጨባ ፈልጎ እንደመጣ፣ ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እንደደነገጠች ጻፈችለት። ቁጣዋ ይገባኛል፣ እኔም አሁን ስልኬ ሲጮህ እደነግጣለሁ። ነገር ግን 23ኛው ወንድም መጻፉን አልጠላሁትም። ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቃት ወይ ብሎ ነበር በመጨረሻ። አትጠይቃት። አትጻፍልኝ ብላሃለች። እሱን አክብርላት።

25ኛዋ ከእስራኤል ናት፣ ከነታንያ። የ22ኛዋን ጭንቀት አንስታ ሁለት ነገር ጻፈች። አንደኛው፣ እስራኤል የ1998ቱን የጾታዊ ትንኮሳ መከላከያ ሕግ በ2014 አሻሽላ የሰውን የወሲብ ምስል ያለፈቃዱ ማሰራጨት እስከ 5 ዓመት እንዲያሳስር አድርጋለች። ሁለተኛው የትም አገር ላለ ሰው የሚጠቅም ነው። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፣ ከ2021 ጀምሮ። ፎቶው ከስልካችሁ አይወጣም። አሻራው፣ ማለትም ምስሉን የሚለይ ቁጥር፣ ብቻ ተወስዶ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራም፣ ለቲክቶክና ለመሳሰሉት ይሰጣል። ያንን እርቃን ፎቶ ሌላ ሰው ሊለጥፍ ሲሞክር ይያዛል። የሚሠራው ለእርቃንና ለወሲብ ምስል ነው፣ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው። ቴሌግራም ላይ ግን አይሠራም፣ ለኛ ደግሞ ትልቁ ችግር ያለው እዚያ ነው።

አሁን ስለኔ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። ሐሙስ ዕለት ደሴ ደውዬ ለእናቴ ራሴ ነገርኳት። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ነው ያወራሁት። አፕ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ፎቶውን አልነገርኳትም፣ ባለጌ ነገር ላከልኝ ብቻ ነው ያልኩት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የማን ልጅ ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። የት እንደምትሠሪ ያውቃል ወይ አለችኝ። እሱንም አላውቅም። የሌሊት ፈረቃ ስትወጪ ብቻሽን እንዳትወጪ ብላ አስማለችኝ። አፕ ላይ ለምን ገባሽ አላለችኝም። ምናልባት ሌላ ቀን ትል ይሆናል። ሰውየው እስካሁን ግሩፑ ላይ ምንም አልለጠፈም።

26ኛው መልስ ዛሬ ጠዋት ነው የገባው። አዲስ አካውንት ነው፣ ስም የለውም። ሁለት መስመር ናት። ፎቶዋ የሚያስፈራራት ሰው ጋር እንዳለ፣ ቀኑን እስከ ዓርብ እንደሰጣት ጽፋ ከፖሊስና ከእናቷ የትኛውን እንደምታስቀድም ጠየቀች። በግል ጽፌላታለሁ። የ25ኛዋን ሊንክና የራሴን ስልክ ቁጥር ልኬላታለሁ። የትም አገር ሁኚ፣ በማንኛውም ሰዓት ደውዪ ብያታለሁ። እስካሁን አላነበበችውም።